ሐኪም ሳያይሽ እንዳትዘፍኚ

ውድ ልጄ፣

ሦስት ሳምንት ሙሉ እየሳልሽ ከቡድንሽ ጋር ልምምድ እንዳላቋረጥሽ ወንድምሽ ነግሮኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪም ሳያይሽ እንዳትዘፍኚ። የአሜሪካው የድምፃውያን ቡድን የማንሃታን ትራንስፈር መሥራች ቲም ሀውዘር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ለኮንሰርት በተጓዘበት በሳንባ ምች ታሞ ሆስፒታል መግባቱን፣ ከዚያም በ72 ዓመቱ ልቡ ቆሞ ማረፉን አብረን አልሰማንም?

ያን ሰው እንደዚያ የወደድኩት መጀመሪያ ታክሲ ነጂ ስለነበረ ነው። በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳፈራት አስተናጋጅ ሎረል ማሴ ዘፋኝ የመሆን ምኞት እንዳላት በጨዋታ መሀል ተረዳ፤ ሌላ ተሳፋሪ ደግሞ ከዘፋኟ ጃኒስ ሲገል ጋር እንዲተዋወቅ ምክንያት ሆነው፤ አለን ፖል ሲጨመር አራት ሆኑ። እኔም ዋሽንግተን ውስጥ ስንት ዓመት ነዳሁ። የመጀመሪያ ኮንሰርትሽ ምሽት ግን ደላስ አየር ማረፊያ የሚሄድ ሰው አገኘሁና፣ እደርሳለሁ ብዬ ሄጄ ስመለስ አዳራሹ ተዘግቶ፣ የእናትሽን ነጠላ ተከናንበሽ ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። «አባዬ፣ ሰማኸኝ?» ስትዪኝ «ሰማሁሽ» ብዬ ዋሸሁሽ። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም፤ ይቅር በዪኝ።

ተኝተሽ ስታገግሚ ዘፈኖቹን እንደገና ስሚያቸው። በ1975 በወጣው «ኦፐሬተር» መሪዋ ሲገል ናት፤ ቡድኑን የፈጠረው ሰው ግን ከተቀባዮቹ ጋር ሆኖ ይቀበላታል፤ ለእኔ ትልቅነቱ እዚያ ላይ ይታየኛል። «ፎር ብራዘርስ» ለጃዝ ሙዚቀኛው ውዲ ኸርማን ባንድ ሳክስፎኖች የተደረሰ ነበር፤ እነ ሀውዘር በ1978 በአራት ጉሮሮ ሲጫወቱት አንዱ ትንፋሽ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር እስከ ዛሬ መለየት አቅቶኛል። ዌዘር ሪፖርት የሚባለው የጃዝ ባንድ ያለ ግጥም የተጫወተውን «በርድላንድ»ንም ጆን ሄንድሪክስ ግጥም ጻፈለትና በ1979 ዘፈኑት። «ጃቫ ጃይቭ»ን ግን አንቺም አትረሽውም፤ የቡና ዘፈን ስለሆነ እናትሽ ቡናውን ስትቆላ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብለሽ በሲኒ እየመታሽ ታንጎራጉሪው ነበር። ያ ድምፅ ነው አሁን በሳል የሚታረሰው!

እኔ ከቀረሁ ቡድኑ ይፈርሳል አትበዪ። ማሴ በመኪና አደጋ ተጎድታ ስትለይ በ1979 ሼሪል ቤንታይን ተተካች፤ ሀውዘር ራሱ ሲሞትም ትሪስት ከርለስ ገብቶ እስከ 2023 ድረስ ዘፈኑ። ልጄ፣ ሐኪም ሳያይሽ አትዝፈኚ፤ ይህን ለሦስተኛ ጊዜ እንድጽፍ አታድርጊኝ።

የኢንሹራንስ ካርድሽ በሰማያዊው ቦርሳሽ ኪስ ውስጥ ነው። እናትሽ ጦስኝ ልካልሻለች፤ በማር ጠጪው እንጂ የሐኪም ምትክ አታድርጊው። ነገ ጧት ሄደሽ ሐኪሙ ያለሽን ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ፤ ታክሲውን አቁሜ አነበዋለሁ።

አባትሽ