ዓሣው ወንዝ ሳይወጣ ድረሱልን
ጎንደሬዎች፣ እንደምን ከረማችሁ። እንደገና እኛው ነን፣ የጣናን ፊልም የምንሠራው ልጆች። ሁልጊዜ እጅ መዘርጋቱ እኛንም ሰልችቶናል፣ ግን ምን እናድርግ።

ባለፈው ሳምንት ማታ የጣለው ዝናብ ከነነፋሱ የማሳያ አዳራሻችንን ቆርቆሮ ግማሹን ገንጥሎ ወሰደው። ፕሮጀክተሩ ራሰ፣ አልነሳም ብሏል። የቀረጽነው ምስል ግን ተርፏል፣ ተመስገን። ሌላ ቅጂ አንዷ አባላችን ቤት ነበር። (ያኔ "ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ምን ያደርግላችኋል?" ያላችሁን አልረሳንም፣ በፍቅር።)

ወጪ ካነሳን አይቀር፣ ጎርጎራ ስንመላለስ ብሩ የሄደው ለነዳጅ፣ ለጀልባ ኪራይና ለዚያ ዲስክ ነው። ደረሰኙ አለ፣ መጥታችሁ እዩት። "ዓሣ በሉበት" ለሚለው ሐሜት፦ አዎ በልተናል፣ ከየኪሳችን ከፍለን።

ደንገል አጭደው ታንኳ የሚያስሩ አባት ታሪካቸውን ነግረውናል። በጥቅምት 2013 ዘመቻ በእጅ የተነቀለው እምቦጭ ተመልሶ የአጥማጁን መረብ ሲያንቅ ቀርጸናል። ደምቢያ ወርደን ስናሳይ ደግሞ ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋው ሰው ሁሉ ቆሞ ነው ያየው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ማን አነበበው? ባሕር ያላቸው አገሮች ካሜራ ይዘው ውቅያኖስ ውስጥ የሚገቡት ለዚህ ነው፤ ሰው ያላየውን አይጠብቅም። እኛ ባሕር የለንም፣ ጣና አለን፣ የእሱም ውሃ በዓባይ አድርጎ ሜዲትራንያን ይገባል።

የቀረን ዋናው ክፍል ነው። ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥቶ በመገጭና በሌሎቹ ወንዞች ሽቅብ እየዋኘ እንቁላሉን ሊጥል ይሄዳል። ከዝርያዎቹ 15 ያህሉ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። ልክ በዚያ ሰዓት ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፣ እንቁላል የያዘችውም አትቀርም። ይህን በሐምሌና በነሐሴ ካልቀረጽን አንድ ዓመት መጠበቅ ነው።

ለጥምቀት የፋሲለደስ መጥመቂያ የሚሞላው በቀሃ ወንዝ ውሃ ነው። ያው ቀሃ የከተማችንን ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ መገጭ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወርዳል። የተባረክንበትን ውሃ አቆሽሸን ሐይቁ ላይ ላሉት ገዳማት እየላክንላቸው ነው። ምጽዋት በሉት፣ ሰደቃ በሉት፣ 50 ብርም ብር ነው።

የባንክ ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ነው፣ ያለ ሦስት ፊርማ ብር አይወጣም። ቁጥሩ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል፣ ማኅተም ባለው ደረሰኛችን ላይም አለ። በግለሰብ ስም ቁጥር ከመጣላችሁ እኛ አይደለንም፣ እንዳትልኩ። ስታስገቡ "ለጣና ፊልም" ብላችሁ ጻፉ፣ ባለፈው ሳይጻፍበት የገባ ብር የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። ቆርቆሮና ሚስማር ያለው ይዞ ይምጣ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጋ ነን። ደግመን፦ የኮሚቴው ሒሳብ፣ በር ላይ ያለው ቁጥር፣ አደራ።