አባባ፣ አይደብቁብኝ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ማንም እንዳያነብልዎት። መነጽርዎን ያድርጉና ቀስ ብለው ራስዎ ያንብቡት። ለእህቴ የምደብቀው ነገር ኖሮ አይደለም። በእርስዎና በእኔ መካከል መባል ያለበት ነገር ስላለ ነው። በስልክ ልለው እያሰብኩ እደውልና እርስዎ "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" ይሉኛል። እኔም ስለ ልጆቹ አወራለሁ። ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፤ ልብስ አልበቃው ብሏል። ትንሿ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ትማራለች። የእርስዎን ስም ጽፋ "ለአያቴ ላኪልኝ" ስላለችኝ ከዚህ ወረቀት ጋር አብሬ አጥፌዋለሁ። ፊደሉ ቢወላገድም አይፍረዱባት። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስታወራ ያፏጫል። ፎቶዋን በእህቴ ስልክ ልኬያለሁ።

አሁን ስለምኖርበት ከተማ ልንገርዎት። ኤቨረት፣ እዚህ አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ አውሮፕላን የሚሠራባት ከተማ ናት ብዬዎት ነበር። ልክ ነው፣ ቦይንግ እዚህ ነው ያለው። እሱ የመጣው ግን በ1960ዎቹ ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎት)። ከዚያ በፊት ኤቨረት የመጋዝ ከተማ ነበረች። የጭስ ማውጫዎች ከተማ ይሏት ነበር። ከባሕሩ ዳርና ከወንዙ ዳር የጣውላ ፋብሪካው በሽ ነበር። ጫካው ደግሞ አያልቅም ተብሎ የታመነበት ዘመን ነው። በ1900 አንድ የእንጨት ነጋዴ ከባቡር ኩባንያ ላይ 900,000 ኤከር ደን በአንድ ጊዜ ገዛ፤ አንዱን ኤከር በ6 ዶላር። በእኛ ከ9,000 ጋሻ በላይ መሆኑ ነው። የሙኔሳን ጫካ ጫፍ እስከ ጫፍ በእግርዎ የሚያውቁት እርስዎ ይህን ያህል ዛፍ ምን እንደሚመስል ከእኔ የበለጠ ይገባዎታል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በሥራዬ ሰበብ ነው። መጦሪያው ውስጥ የማገለግላቸው አንዲት እናት አሉ፤ ከ90 ዓመት አልፈዋል። አባታቸው በልጅነቱ መጋዝ ቤት ገብቶ ሺንግል ሲሠራ የኖረ ነው። ሺንግል ማለት ጣሪያና ግድግዳ የሚለብስ ስስ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ሴዳር ከሚሉት ቀይ እንጨት ይሰነጠቅና እየተደራረበ በምስማር ይመታል። አንድ ቀን ገላቸውን አጥቤ ጸጉራቸውን ስሠራ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። "አባቴም የመጋዝ ሠራተኛ ነበር" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና መጀመሪያ የጠየቁኝ "ስንት ጣት አለው?" ብለው ነው።

ስምዎን አልጠየቁኝም፤ አገርዎንም አልጠየቁኝም።

አሠራሩን በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ፤ ቆይቼ እኔም ፈልጌ አነበብኩ። ሠራተኛው ፊት ሁለት ክብ መጋዞች ይሽከረከራሉ። በግራ ያለው ጉማጁን ይሰነጥቃል። ግራ እጁ መጋዙ ጥርስ ድረስ ገብቶ የተሰነጠቀውን ሰሌዳ ይቀበላል፣ ለቀኝ እጁ ያቀብላል። ቀኝ እጁ ደግሞ ሁለተኛው መጋዝ ላይ ጠርዙን ይከረክማል፣ ጉጡን ይቆርጣል። ይህ ሁሉ በደቂቃ እስከ 50 ጊዜ ነው። በቀን 10 ሰዓት። ዓይኑ ጉጥ ፍለጋ ሰሌዳው ላይ ስለሆነ ግራ እጁን የሚያይለት የለም። የሺንግል ሠራተኛ በመንገድ ሲሄድ በጣቱ ይታወቅ ነበር ይላሉ።

ግራ እጅ ነው አባባ።

ሴትየዋ የአባታቸውን ፎቶ ኮመዲኖው ላይ አድርገውታል። ቱታ የለበሱ ሰዎች ፋብሪካው በር ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ከፊት የተቀመጡት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። የአባታቸው ግራ እጅ ሦስት ጣት ነው ያለው። አልሸሸገውም፤ እንደሌላው እጁ አስቀምጦታል። ያን ፎቶ አቧራውን በጠረግሁ ቁጥር የእርስዎ ግራ ኪስ ትዝ ይለኛል።

ስለ እጅዎ የማውቀው እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የነገረችኝን ብቻ ነው። ክረምት ነበር፣ ግንዱ እርጥብ ነበር፣ ካቦው አጣደፈ። ቁስሉ ሳይደርቅ ወደ ሥራ ተመለሱ። ሌላ የለም። ፋብሪካው ምን ሰጠዎት? ማን ወሰደዎት? ሲመለሱስ ያንኑ መጋዝ አልፈሩትም? እንዴት አንድ ቀን አይነግሩንም? ስለ አያቴ ሲያወሩ የሰገሌን ጦርነት ከነፈረሱ ስም ያውቁታል። ጭናቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ ለጎረቤት ሁሉ ተርከዋል። የራስዎ ጊዜ ሲመጣ ግን "ተይው ልጄ" ነው።

ሰገሌን ካነሳሁ አይቀር፣ አያቴ እዚያ በዘመቱ በ9ኛው ቀን ኤቨረት ወደብ ላይም ደም ፈሷል። ጥቅምት 26 ቀን 1909 በእኛ፣ ኅዳር መጀመሪያ 1916 በእነሱ፤ እሑድ ቀን ነበር። አሠሪዎቹ የሺንግል ዋጋ ወደቀ ብለው ደመወዝ ቆርጠው ነበር። ዋጋው ተመልሶ ሲወጣ ደመወዙ አልተመለሰም። ሠራተኛው በግንቦት አድማ መታ። በመከር ከሲያትል ሌሎች ሠራተኞች ሊደግፏቸው ቬሮና በምትባል መርከብ መጡ። ሸሪፉ፣ የአካባቢው የፖሊስ አለቃ ማለት ነው፣ የታጠቀ ሰው አሰልፎ ወደቡ ላይ ጠበቃቸው። ተኩስ ሲከፈት ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ መርከቧ አዘነበለች፤ ውኃ ውስጥ የወደቁም አሉ። ከሠራተኞቹ ቢያንስ 5፣ ከሸሪፉ ወገን 2 ሰዎች ሞቱ። 74 ሠራተኛ ታሰረ። አንዱ ለፍርድ ቀርቦ ነፃ ሲወጣ ሌሎቹም ተለቀቁ። ሸሪፉ ራሱ የድሮ ሺንግል ሠራተኛ ነበር አባባ። ያን መጋዝ ያውቀዋል። ይህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት።

የሥራ ሰዓቱ ከ10 ወደ 8 የወረደው በ1918 ነው፤ እሱም ለጦር አውሮፕላን እንጨት ስለተፈለገ መንግሥት ገብቶበት። ካሳ እንኳ ቀደም ብሎ ነበር። በ1911 በወጣ ሕግ አሠሪዎች ለአንድ ቋት ያዋጣሉ፤ ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ጥፋቱ የማን ነው ሳይባል ከዚያ ይከፈለዋል። አሠሪው እያወቀ ነው ገንዘቡን የሚያስገባው፤ ሰዉ እንደሚቆረጥ የታወቀ ነገር ነበር ማለት ነው። ታዲያ እርስዎ ለምን እንደ ጥፋተኛ ደበቁት?

የምርቃቴን ቀን ላንሳው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ብዙ ጊዜ አፌ ላይ እየመጣ መልሼዋለሁ። ሐዋሳ ድረስ አዲስ ኮትዎን ለብሰው መጡ። እማዬ ሙሉ ሌሊቱን ዳቦ ስትደፋ አድራለች። ፎቶ አንሺው አሰለፈን። እርስዎን በቀኜ አቆመና "አባት፣ ግራ እጅዎን ትከሻዋ ላይ ያድርጉ" አለ። እርስዎ "ፀሐዩ በዛብኝ" ብለው ወደ ዛፉ ሄዱ። ፎቶው ያለ እርስዎ ተነሳ። እማዬ አለች፣ እህቴ አለች፣ ወንድሜ አለ። በቀኜ በኩል አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ፎቶ አንሺው ጠጋ በሉ እንኳ ሳይለን።

ማታ ላይ ሲበሉ በቀኝ እጅዎ አጎረሱኝ። እኔ ግን አኩርፌ ነበር፤ እርስዎም አላዩኝም፣ ወይም አይተው ዝም አሉ። ያ ግራ እጅዎ እኮ ነው ያስተማረኝ። ደብተሬን፣ ጫማዬን፣ የሐዋሳን የቤት ኪራይ የከፈለው እሱ ነው። ጓደኞቼ ፊት ትከሻዬ ላይ እንዲያርፍ የፈለግሁት እሱን ነበር። እስካሁን ያመኛል አባባ።

ይህን የማነሳው የድሮውን ለመቆስቆስ ብዬ አይደለም። እህቴ ደውላ ነበር። ሳሉ አልለቀቀዎትም አለችኝ። ሌሊት ተነስተው ደጅ ወጥተው ይስላሉ አሉ፤ ሰው እንዳይሰማ። መሐረብዎንም ማንም እንዳይነካ ከልክለው ራስዎ ማጠብ ጀምረዋል አለችኝ።

ለምን ራስዎ ያጥባሉ?

ሴዳር ሲሰነጠቅ የሚቦነው ዱቄት እዚህ የብዙ ሰው ደረት በልቷል። የሺንግል ሠራተኞቹ የሴዳር አስም ይሉት ነበር። የእነሱ እንጨት ሌላ ነው፣ የእኛ ዝግባ ሌላ ነው። እኔም ሐኪም አይደለሁም። ግን ማታ ሲገቡ ቅንድብዎ ላይ ሳይቀር ሰጋቱራ እንደነበር አስታውሳለሁ። እማዬ ሸሚዝዎን ደጅ ላይ ታራግፍ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አፍና አፍንጫዎን የሸፈነልዎት ነገር አልነበረም። "የብርድ ነው፣ ዝንጅብል ጠጥቼበታለሁ" አይበሉኝ።

እንዲህ ያድርጉልኝ። ሰኞ እህቴ መኪና ይዛ ትመጣለች፤ ሐዋሳ ሐኪም ጋ ትወስድዎታለች። ደረትዎ ራጅ ይነሳ፣ አክታዎም ይመርመር። መጋዝ ቤት ስንት ዓመት እንደሠሩ ለሐኪሙ በራስዎ አፍ ይንገሩት፤ ካልነገሩት አይጠይቅም። የላክሁት ብር ለዚህ ብቻ ነው። ለጣሪያው አይደለም፣ ለወንድሜም ብድር አይደለም። አውቅዎታለሁ። ጣሪያው ሌላ ጊዜ ይደርሳል። እንጀራ በማገዶ የሚጋገርበት ቤት አይቀመጡ፤ ጭሱ ይብስብዎታል። እህቴን አዝዣታለሁ፣ አይቆጧት።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብያለሁ፤ ትኬቱን እያየሁ ነው። ልጆቹንም ይዤ። ሥራ ቦታ የሰው አባትና እናት አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። ሲሞቱም እጃቸውን ይዤ ነው። እና ፈራሁ። የእርስዎ ተራ ሲደርስ እኔ እዚህ ሆኜ በስልክ እንዳልሰማው ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ ማታ በእናንተ ሰዓት እደውላለሁ። ሐኪሙ ያለዎትን ሳይቀንሱ ይንገሩኝ። መሐረቡ ላይ ደም አይተው እንደሆነም ይንገሩኝ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጭምር። ቪዲዮውን ያብሩት፤ ትንሿ ፊደሏን በሁለት እጅዎ ይዘው እንዲያሳዩአት ትፈልጋለች። እኔም እፈልጋለሁ።

የምትወድዎት ልጅዎ፣
ከኤቨረት