ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር፦ «አንፊት» የተባለ ሰው የት ይሂድ?

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ታናሽ እህቴ አረብ አገር ልትሄድ ነበር። ፓስፖርቷን አወጣች፣ ሥልጠናዋን ጨረሰች፣ የቀራት የጤና ምርመራው ብቻ ነበር። ማልዳ ሄዳ ደም ሰጠች፣ ራጅ ተነሣች። ውጤቷን ልትቀበል ስትመለስ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ወረቀቱን አየት አደረገና «አንፊት ነሽ» አላት፤ ለጉዞ ጤናሽ ብቁ አይደለም ማለቱ ነው። «ለምን?» ስትለው «የጉበት ቫይረስ» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ። በቃ፣ ያገኘችው የሕክምና ምክር ይኸው ነው።

የማዕከሉን ስም አልጠቅስም። ክስ አይደለም የያዝኩት። ይህ የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ የተገኘበት ሠራተኛ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የጤና መስፈርት እንደማያልፍም አውቃለሁ። የእኔ ጥያቄ ከዚያ መስኮት በኋላ ስላለው ነገር ነው።

እህቴ ቤት ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ኩባያዋን መለየት ነው። አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ገዛችና በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችባት። ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተወች። እናቴ ልታጎርሳት እጇን ስትዘረጋ ፊቷን ታዞራለች። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ኖረች። ይህ ቫይረስ በጉርሻ እንደማይተላለፍ፣ በኩባያም በመተቃቀፍም እንደማይተላለፍ የነገራት አንድም ሰው አልነበረም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድ ጊዜ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ምላጭ መዋዋስ፣ የድድ ንቅሳት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ያልተቀቀለ መርፌ፣ ፍርሃቱ መዋል የነበረበት እዚያ ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ በበቃ ነበር።

እናቴ ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ መድኃኒት አዋቂ ፍለጋ ወጣች። አልፈርድባትም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ቅጠል ተጨምቆለት ጠጥቶ ሲድን ሁላችንም አይተናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ሌሎቹ የጉበት ቫይረሶች፣ ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይለቃሉ። ሰውየው ቅጠሉን ባይጠጣም ይድን ነበር፤ ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ይወስዳል። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ እንዲህ አይደለም። ዓይን ቢጫ ሳያደርግ፣ ጎን ሳይወጋ፣ ሃያ ሠላሳ ዓመት ጉበት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ስንቱ የሚነቃው ሆዱ ውኃ ሲቋጥር ነው፤ ወይም ካንሰር ነው ሲባል። የእህቴ ዓይን ጥርት ያለ ነበር። «ምኗም አይደለም፣ ገንዘብ ሊበሏት ነው» ያሉ ጎረቤቶችም ነበሩ። ለማንኛውም እናቴ ያመጣችውን ሁለት ቀን ጠጣች፣ ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች፣ ተወችው።

ሆስፒታል የሄድነው አንዲት ነርስ ዘመዳችን ስለጮኸችብን ነው። ሐኪሙ የጉበት ኢንዛይሟን አየ፣ አልትራሳውንድ አነሣት፣ የቫይረሱን መጠን አስለካ። «ጉበትሽ ደህና ነው፤ አሁን መድኃኒት አያስፈልግሽም። ግን በየስድስት ወሩ እየመጣሽ ትታያለሽ። መጠጥ እንዳትነኪ። ቤተሰብሽን አስመርምሪ» አላት። ማታውኑ ኩባያዋን ጣለቻት።

ተመረመርን። እናቴም አለባት። ሁለታችን ወንድማማቾች ነፃ ስለሆንን ሦስቱንም ዙር ክትባት ከኪሳችን ከፍለን ወሰድን። እናቴ ለቀናት «እኔ ነኝ የሰጠኋት» እያለች አልቅሳለች። ሕፃን ሆኖ የተያዘ ሰው ከ10 ጊዜ 9ኙን ቫይረሱ አብሮት ይቀራል። ትልቅ ሰው ሆኖ ቢይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያባርረዋል። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከአምስቱ ጥምር ክትባት ጋር ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እህቴ ከዚያ በፊት ነው የተወለደችው። ዛሬ ለጉዞ ደም ለመስጠት ከሚሰለፉት አብዛኞቹም እንደዚያው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው 254 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። እንዳለባቸው በምርመራ ያወቁት ከ100 13ቱ ብቻ ናቸው። እህቴ ከ13ቱ አንዷ ናት። ዕድለኛ ናት መባል ነበረባት። እኛ ጋ ግን ዕድሏን ወረቀት ላይ ጽፈን በሩን አሳየናት።

እንዴት እንደሚሠራ አታውቁም ብዬ አይደለም። ለኤች አይ ቪ ሠርታችሁታል። ከምርመራ በፊትም በኋላም ምክር፣ ሪፈር፣ ክትትል ነበረ። ለሄፓታይተስ ቢ የሚሰጠው ቴኖፎቪር ራሱ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን። ለቲቢ ምርመራ የተተከሉት ጂን ኤክስፐርት የሚባሉ ማሽኖች ተገቢው ካርትሬጅ (የናሙና መያዣ) ከገባላቸው የዚህንም ቫይረስ መጠን ይለካሉ። ሌላው የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ እንዲያውም በሦስት ወር ክኒን ይድናል፤ ይህንን ግን በመስኮቱ በኩል ማን ይናገራል?

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለሥራ ጉዞ ደም የሚመረምር ማዕከል ሁሉ «ፖዘቲቭ» ብሎ ከሚያሰናብተው ሰው እጅ ላይ ግማሽ ገጽ ወረቀትና የሪፈር ደብዳቤ እንዲያኖር አስገድዱት። ወረቀቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ሰዉ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። ምን እንደሆነ፣ በምን እንደማይተላለፍ፣ የትኛው የመንግሥት ሆስፒታል እንደሚሄድ፣ ማንን ማስመርመር እንዳለበት ይንገረው።

ነፍሰ ጡሯን ደግሞ አደራ። ቫይረሱ ካለባት ሕፃኑ ክትባቱን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት። በስድስተኛው ሳምንት የሚጀምረው ክትባት ለዚህ ልጅ ይዘገይበታል። ቤቷ የምትወልደውን እናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ካልደረሰችላት ማንም አይደርስላትም።

ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ነው፤ የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ በምርምር ያገኘው ሳይንቲስት የባሩክ ብሉምበርግ የልደት ቀን። ባነር ይሰቀል፣ አልቃወምም። ለባነሩ ከሚወጣው ላይ ግን ለወረቀቱ የሚሆን ቀለም አስቀሩልን።

ረቂቁን ስታዘጋጁ የሚያነብላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እህቴ አለች። ትምህርቷን ያቆመችው ከስምንተኛ ክፍል ነው። ያልገባትን ቃል በእስክሪብቶ ታሰምርበታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ታላቅ ወንድሟ