ስለ ሮማውያን ሰላም ለጠየቅኸኝ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ ሰፈሩስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ! አንተም ዝም፣ እኔም ዝም፤ ክረምት በክረምት ላይ ተደረበ። የመጨረሻው መልእክትህ ግን ከስልኬ አልጠፋም፤ አልፎ አልፎ እየከፈትኩ አነበዋለሁ። "አንተ እዚያው ሮም ነው ያለኸው፤ እስቲ ንገረኝ፣ እነዚህ ሰዎች እንዴት አድርገው ነው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሰላም አግኝተው የኖሩት? ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ከመጽሐፉ የዘለለ መልስ የለኝም" ብለኸኝ ነበር። እሱን ሳስብ ነው የከረምኩት። ረዘም ይላል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የሮማውያን ሰላም የሚባለው ዘመን ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ27 እስከ 180 ዓ.ም ነው፤ ከአውግስጦስ እስከ ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዮስ ሞት ማለት ነው። አውግስጦስን ታውቀዋለህ፤ በሉቃስ ወንጌል ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ያዘዘው ቄሣር ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ነዷል። ማሪየስ ከሱላ ጋር፣ ዩልዮስ ቄሣር ከፖምፔ ጋር፣ በመጨረሻም አውግስጦስ ራሱ ከአንቶኒዮስና ከክሊዮፓትራ ጋር ተዋጉ። የበሽታው ሥር ምን መሰለህ? ወታደሩ ሲያረጅ መሬት የሚሰጠው መንግሥት አልነበረም፤ አዝማቹ ነበር። ስለዚህ አዝማቹ ወደ ሮም ዝመት ካለው ይዘምታል። ምን ያድርግ፣ እንጀራው እዚያ ነው።

አውግስጦስ በ31 ከክርስቶስ ልደት በፊት አክቲየም ላይ በባሕር ውጊያ ካሸነፈ በኋላ ያደረገው ነገር ነው እኔን የገረመኝ። በሁለቱም ወገን የነበረውን፣ ወደ 60 ገደማ የደረሰውን ሌጌዎን የሚባል ክፍለ ጦር ወደ 28 አወረደው። የተሰናበተውን ወታደር መሬት እየሰጠ አሰፈረ። በ6 ዓ.ም ደግሞ ለወታደር ጡረታ ብቻ የሚሆን ግምጃ ቤት አቋቋመ። ገንዘቡ ከውርስ ላይ 5 በመቶ፣ ከጨረታ ሽያጭ ላይ 1 በመቶ እየተቀነሰ ይገባበት ነበር። ባለጸጎቹ በውርስ ግብሩ ክፉኛ አጉረመረሙ፤ እሱ ግን አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ወታደሩ እርጅናውን ሲያስብ ዓይኑ ወደ አዝማቹ ሳይሆን ወደ ግምጃ ቤቱ ሆነ። ለተማሪዎችህ ከሐውልቱና ከእብነ በረዱ በፊት ይህን ንገራቸው። የሰላሙ መሠረት የተጣለው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ባሕሩ ነው። ቀድሞ ሜዲትራንያን የወንበዴ መናኸሪያ ነበር፤ ዩልዮስ ቄሣርን እንኳ በወጣትነቱ ይዘው በገንዘብ ነው የለቀቁት። ፖምፔ በ67 ከክርስቶስ ልደት በፊት ዘምቶባቸው በሦስት ወር አጸዳቸው፤ በአውግስጦስ ዘመን ደግሞ ቋሚ ባሕር ኃይል ተተከለ። ይህ ለተራው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በሂየራፖሊስ አንድ መቃብር አለ። የፍላቪዮስ ዜውክሲስ ነው፤ ነጋዴ ነበር። መቃብሩ ላይ ያስጻፈው የጦር ጀብዱ አይደለም። ማሌያ የሚባለውን አስፈሪ የባሕር ጥግ እየዞረ 72 ጊዜ ወደ ጣሊያን ተጉዞ መመለሱን ነው። ሰባ ሁለት ጊዜ! አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ይህን ያህል ጊዜ ወጥቶ በሰላም ከገባ በዚያ ባሕር ላይ በእርግጥ ሰላም ነበር።

ሀብቱን ግን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ቴስታቾ ልውሰድህ። ከምሠራበት ብዙም የማይርቅ ሰፈር ነው። መሀሉ ላይ 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ፣ ሣርና ዛፍ በቅሎበታል፣ ከሩቅ ለሚያየው ተራ ጉብታ ነው። ጠጋ ስትል ግን አፈር አይደለም። ገል ነው። ከእግሩ እስከ አናቱ የተሰበረ ሸክላ። ሮማውያን የወይራ ዘይት የሚያመጡበት አምፎራ የሚባል ባለ ሁለት ጆሮ ትልቅ እንስራ ነበራቸው፤ ባዶው 30 ኪሎ ይመዝናል፣ 70 ኪሎ ያህል ዘይት ይይዛል። አብዛኛው የሚመጣው ከደቡብ ስፔን ነው። ዘይቱ ሸክላው ውስጥ ሰርጎ ስለሚቆመጥጥ እንስራውን መልሶ መጠቀም አይቻልም፤ ስለዚህ ሰብረው እዚያ ይከምሩታል፣ ሽታው እንዳያስቸግር ኖራ ይበትኑበታል። ኮረብታው ውስጥ ያሉት እንስራዎች ወደ 53 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። በዙሪያው ያሉ ምግብ ቤቶች ኮረብታውን ሰርስረው ጓዳ ሠርተውበታል፤ አንዳንዶቹ ጋ ከመስታወት ጀርባ ገሎቹ ተደራርበው ይታያሉ። በገሎቹ ላይ በቀለም የተጻፈም ተገኝቷል፦ የባዶው ክብደት፣ የዘይቱ ክብደት፣ የነጋዴው ስም፣ የተፈተሸበት ዓመት። ከዛሬው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ምንም አይለይም።

ያኔ ሮም ከተማ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ይኖርባት ነበር። በአውግስጦስ ዘመን 200,000 ያህል ወንዶች በየወሩ ስንዴ በነጻ ይሰፈርላቸው ነበር። ስንዴው ከግብፅና ከዛሬዋ ቱኒዚያ አካባቢ በመርከብ ይመጣል። መርከቡ ከዘገየ ከተማው ይታመሳል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ እንቅልፍ አይወስደውም።

ይህ ንግድ የእኛንም ደጅ አንኳኩቷል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ግሪክኛ የሚጽፍ አንድ የግብፅ ነጋዴ ለቀይ ባሕርና ለሕንድ ውቅያኖስ ተጓዦች መመሪያ ጽፎ ነበር። አዱሊስ አለችበት፣ አክሱም አለችበት። ዞስካሌስ የሚባል ንጉሥም አለበት፤ ነጋዴው ለገንዘብ ሳሳ ያለ፣ በቀረው ግን ጨዋና የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቅ ይለዋል። ከእኛ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይ ይወጣል፤ ወደ እኛ ከግብፅ ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ የጣሊያን ወይን ጠጅ፣ ጥቂትም የወይራ ዘይት ይገባል። አክሱም በሮም ሥር ሳትወድቅ፣ በገዛ ንጉሧ እየተዳደረች ነው የተጠቀመችው። ይህን ስታስተምር አስምርበት፤ ልጆቹ የሮም ሰላም ሲባል የሌላ ዓለም ወሬ እንዳይመስላቸው።

አሁን ደግሞ አንጀቴን የበላኝን ልንገርህ። በሰሜን እንግሊዝ ቪንዶላንዳ የሚባል የሮማውያን ምሽግ አለ። በ1973 ሲቆፈር ቀጫጭን እንጨት ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኙ፤ 100 ዓ.ም አካባቢ የተጻፉ ናቸው። አንዱ ለወታደር የተላከ ነው፦ የእግር ሹራብ ልኬልሃለሁ፣ ሁለት ጥንድ ሰንደል፣ ሁለት የውስጥ ሱሪ ይላል። እዚያ ብርድ ላይ ቆሞ ድንበር የሚጠብቅ ልጅ ሹራብ ሲደርሰው ይታይህ። ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የአንድ አዛዥ ሚስት ደግሞ ጓደኛዋን ለልደቷ ትጠራታለች፤ መጨረሻው ላይ በራሷ እጅ "እህቴ፣ ነፍሴ" እያለች ጨምራበታለች። ሶሌምኒስ የሚባለው ለወንድሙ ለፓሪስ የጻፈውን ሳነብ ግን ቀጥታ አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ። "ደህና መሆኔን እንድታውቅ ነው፤ አንተም ደህና እንድትሆን እመኛለሁ፤ አንተ ጨካኝ፣ አንዲት ደብዳቤ እንኳ ያልላክልኝ!" ብሎታል። እኛ ደብዳቤ የምንጀምረው እንዲሁ አይደል? ከዳር አገር እስከ ዳር አገር ሹራብና ወቀሳ የሚያደርስ መንገድ ነበራቸው። ሰላም ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ ለዚህ ለዚህ ሮማውያንን አደንቃለሁ፣ ከልቤ ነው።

ግን ወንድሜ፣ ግማሹን ብቻ ብነግርህ እውነቱን አልነገርኩህም። ጦርነቱ ከመሀል አገር ወደ ዳር ተገፋ እንጂ አልቀረም። የስፔን የብር ማዕድን ውስጥ ባሪያዎች እስኪሞቱ ይቆፍሩ ነበር። ብሩ ሲነጠር የተነሳው የእርሳስ ጢስ በነፋስ ተጉዞ ግሪንላንድ በረዶ ላይ አርፏል። ሳይንቲስቶች በረዶውን ቆፍረው ሲለኩት በሰላሙ ዘመን ከፍ ብሎ ይታያል። ብልጽግናውና የሰው ስቃዩ በአንድ በረዶ ላይ ተመዝግበው ተገኙ።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሰላም ቤተ መቅደስ የሚባለው ነው። በ70 ዓ.ም የሮም ጦር ኢየሩሳሌምን አቃጠለ፣ ቤተ መቅደሱን አፈረሰ፣ ሕዝቡን ፈጀ፣ የተረፈውን ለባርነት ሸጠ። በ75 ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ሮም ላይ ለሰላም ቤተ መቅደስ አስመረቀ። ከኢየሩሳሌም የተዘረፈው የወርቅ ዕቃ የተቀመጠው እዚያ ነው። ወታደሮቹ ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ በቲቶ ቅስት ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ሳላየው ማለፍ አልችልም።

አውግስጦስም የራሱ የሰላም መሠዊያ ነበረው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ተመረቀ። እብነ በረድ ነው፣ ሥራው እጅግ ያምራል። በአንድ በኩል ሁለት ሕፃናት ታቅፋ የተቀመጠች እናት አለች፣ ከእግሯ ሥር ላምና በግ ተኝተዋል። ከሷ ጎን በነበረው ቅርጽ ላይ ደግሞ ሮም በሴት አምሳል የጦር መሣሪያ ክምር ላይ ተቀምጣለች። ቀራጩ ምንም አልደበቀም፦ ሰላሙ ምን ላይ እንደተቀመጠ በግልጽ አሳይቷል።

የዚህን መሠዊያ የኋላ ታሪክ ስታውቅ ሆድህ ይቆስላል። ለዘመናት ከመሬት በታች ተቀብሮ ኖሯል። ሙሉ በሙሉ ቆፍሮ ያወጣውና በ1938 አቁሞ ያስመረቀው ሙሶሊኒ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ግንቦት 1936፣ አዲስ አበባ በተያዘች በቀናት ውስጥ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ኢምፓየር ተመለሰ ብሎ ሲያውጅ "የሰላም ኢምፓየር" ነበር ያለው። አያቶቻችንን በመርዝ ጋዝ ፈጅቶ! በ1937 የካቲት 12 የአዲስ አበባ ሕዝብ ታረደ። በዚያው ዓመት የአክሱም ሐውልት ተነቅሎ ሮም ውስጥ ተተከለ፤ የተመለሰልን በ2005 ነው። ሙሶሊኒ ለመሠዊያው በተሠራው ቤት ግድግዳ ላይ አውግስጦስ ስለ ራሱ ያስጻፈውን ታሪክ አስቀረጸበት፣ ሰላም ሲሆን ብቻ የሚዘጋው የጃኑስ ቤተ መቅደስ በር በእኔ ዘመን ሦስት ጊዜ ተዘጋ የሚለውን ጭምር። ቤቱ ፈርሶ በአዲስ ተተክቷል፤ ያ ግድግዳ ግን አሁንም ከመንገዱ ዳር ቆሟል፣ ፊደሉ ይነበባል። ሙሶሊኒ ከሮም የወረሰው የጡረታ ግምጃ ቤቱን አይደለም፣ መንገድና ደብዳቤውንም አይደለም። መሣሪያ ላይ የተቀመጠችውን ሴትዮ ነው የወረሰው።

ሰላሙ እንዴት አለቀ ብለው ይጠይቁሃል፣ እርግጠኛ ነኝ። በ165 ወረርሽኝ ገባ፣ ሕዝቡን ጨረሰ። በዳኑብ ወንዝ በኩል ጦርነት ተነሳ፣ ማርቆስ አውሬሊዮስ የመጨረሻ ዓመታቱን በጦር ሰፈር አሳለፈ። የሚያሳዝነው ግን የኋላው ነው። በ193 የንጉሠ ነገሥቱ የራሱ ዘበኞች ፔርቲናክስን ገደሉና ዙፋኑን በጨረታ ሸጡት። ዲድዮስ ዩልያኖስ የሚባል ባለጸጋ ለእያንዳንዱ ዘበኛ 25,000 ሴስተርስ የሚባል የሮም ገንዘብ ቃል ገብቶ ገዛው። ሁለት ወር ከምናምን ነው የነገሠው፣ ተገደለ። ከሱ በኋላ የመጣው ሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስ በ211 ሊሞት ሲል ለልጆቹ የተናዘዘው፦ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ፣ ወታደሩን አበልጽጉ፣ ሌላውን ተዉት የሚል ነበር። ያ አውግስጦስ በግብርም በጡረታም ያሰረው አውሬ ተፈታ ማለት ነው። ልጆቹም አልተስማሙ፤ ዓመት ሳይሞላ ታላቁ ታናሹን አስገደለው።

የገሎቹን፣ የመሠዊያውንና የግድግዳውን ፎቶ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፣ ክፍል ውስጥ አሳያቸው። ምን እንዳሉ ደግሞ ጻፍልኝ፤ በተለይ ስለ ቬስፓስያን ቤተ መቅደስ ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ስለ መንገዶቹ እጽፍልሃለሁ፤ አፒያ የሚባለውን ጥርጊያ በእግሬ ሄጄበት ብዙ የምልህ አለኝ። የስልክ ቁጥርህ ከተቀየረ አሳውቀኝ።

ሁሌም የሚናፍቅህ ወንድምህ