ቆዳና ልብን የሚያገናኘው በሽታ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቆዳና ስለ ልብ ሕመም ስትጽፉ ሁለቱን ለየብቻ ነው የምታቀርቡት። ዴስሞሶም ግን ያገናኛቸዋል። ጎረቤታም ሴሎችን እንደ ልብስ ቁልፍ አያይዞ የሚይዝ የፕሮቲን መዋቅር ነው። ቆዳም ልብም ሁልጊዜ ስለሚለጠጡ በብዛት ይፈልጉታል።

ፔምፊገስ በሚባለው ሕመም የሰውነት መከላከያ ይህንኑ ማያያዣ ያጠቃል፤ ቆዳና አፍ ውሃ ይቋጥራሉ።

በዘር የሚወረሰው የዴስሞሶም ጉድለት ግን የባሰ ነው። የልብ ጡንቻ ቀስ በቀስ በጠባሳና በስብ ይተካል። ጤነኛ የሚመስል ወጣት ስፖርተኛ ሜዳ ላይ በድንገት ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በግሪኳ ናክሶስ ደሴት የተገለጸው ዓይነት ምልክቱን ቀድሞ ያሳያል፦ የተጠቀለለ ሻካራ ጸጉር፣ የደነደነ መዳፍ። ይህን ስንቱ ወላጅ ያውቃል?

እባካችሁ ጻፉበት። በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ዘመድ ያላቸው ሰዎች ልባቸውን እንዲመረመሩ ንገሯቸው።