ስድስት ኪሎ አደባባይ ነው እንጂ ብስክሌት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የስፖርት ገጻችሁን ሳላነብ የማልፍበት ሳምንት የለም። ሰሞኑን ስለ ብስክሌት ያወጣችሁት ጽሑፍ ግን ሥራ አስፈታኝ። ልጆቻችን ውጭ ሄደው የሚሸነፉት ተፎካካሪዎቻቸው ስድስት ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ስለሚወዳደሩ ነው ይላል። ጋዜጣውን ይዘው ሦስት ወጣቶች ሱቄ መጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። "ጋሼ፣ የእኔንም ስድስት ኪሎ አድርግልኝ።" ስድስት ኪሎማ ከዚህ ቁልቁል ነው፣ በታክሲም ይደረሳል አልኳቸው። አልሳቁም።

እኔ ሽሮ ሜዳ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። በወጣትነቴ በክለብ ተወዳድሬያለሁ። ዛሬ የሌሎችን ኮርሳ፣ የውድድር ብስክሌት ማለቴ ነው፣ አስተካክላለሁ። ስለዚህ በጉዳዩ ላይ ትንሽ መናገር እችላለሁ ብዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ይታረም። በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር፣ ዩሲአይ በምንለው፣ ሕግ መሠረት የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች መሆን አይፈቀድለትም። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ትልቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ ሲወዳደር እሱንም አሸናፊዎቹንም የሚገዛው ይኸው ሕግ ነበር። በስድስት ኪሎ ብስክሌት ልወዳደር የሚል ሰው ከሚዛኑ ላይ ይመለሳል። እንዲያውም አሁን አሁን ትልልቆቹ ቡድኖች ቅርጹ ነፋስ የሚሰነጥቅ ይሁን እንጂ ከ7 ኪሎ በላይ የሆነ ብስክሌትም ይይዛሉ። የኤርትራው ቢኒያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. ቱር ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ ለሚበልጠው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ፍጥነት ነው። እዚያ ላይ ግማሽ ኪሎ ከቁም ነገር አይገባም።

አቀበት ላይ ግን ይገባል። እንጦጦን በብስክሌት የወጣ ሰው ይህን እኔ እስክነግረው አይጠብቅም። ቁም ነገሩ ክብደቱን ከየት እንደምናነሳው ነው። ጽሑፋችሁ ይህን ነገር ዘሎታል። ውድ ቴላዮ፣ ማለትም የብስክሌቱ አጥንት፣ እና ውድ ማርሽ ካልተገዛ ነገሩ አይሆንም የሚል ስሜት ጥሎ ነው ያለፈው።

ከሦስቱ ወጣቶች አንዷ ሴት ልጅ ናት። 52 ኪሎ ትመዝናለች። ኮርሳዋ ከአውሮፓ ያገለገለ የገባ የአሉሚኒየም ነው። ሻጩ 8 ኪሎ ነው ብሏታል። ሚዛኔ ላይ ሰቀልኩት፣ ከነፔዳሉ 10.2 መጣ። ሻጩ የግድ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ፋብሪካዎች ክብደት ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ፔዳል አያስገቡም፣ የሚመዝኑትም በመጠን ትንሹን ብስክሌት ነው። ለማንኛውም ወረቀት አትመኑ፣ ሚዛን እመኑ። የሻንጣ መመዘኛ ያለው ሰው ብስክሌቱን ከኮርቻው ላይ አንጠልጥሎ በአንድ ደቂቃ ያውቀዋል።

ልጅቷ ገንዘብ ያጠራቀመችው ማርሹን ለመቀየር ነበር። ማርሽ፣ ፍሬን፣ የፔዳል ክንድና ካቴና አንድ ላይ የሚሸጡበትን ግሩፕሴት ማለቷ ነው። የማርሽ አምራቹን የሺማኖን ደረጃ ከርካሹ እስከ ውዱ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ አልቴግራ፣ ዱራ ኤስ። ከ105 ወደ ዱራ ኤስ ብትሸጋገር ግማሽ ኪሎ ቢቀንስላት ነው፣ እሱም ላይሞላ ይችላል። ዋጋው ግን እጥፍ ብቻ ሆኖ አይቆምም። ከ105 ወደ አልቴግራ ደግሞ ልዩነቱ 200 ግራም አካባቢ ነው። 200 ግራም ማለት አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ለአጭር ልምምድ ሁለት ባለ 750 ሚሊ ሊትር ኮዳ ሞልቶ የሚወጣ ልጅ ስለ አልቴግራ ሲያወራኝ መልስ የለኝም።

ገንዘቡን ከታች፣ ከጎማው እንጀምረው አልኳት።

ጎማዋ ጠርዙ ውስጥ ሽቦ ያለው ዓይነት ነው። አንዱ ብቻውን 380 ግራም መዘነ። ሽቦ የሌለው፣ ታጥፎ ኪስ ውስጥ የሚገባው 230 ግራም ነው። በሁለቱ 300 ግራም ወረደ ማለት ነው። ከመነዳሪዋ፣ ጎማው ውስጥ የሚነፋው፣ ወፍራም ነው፣ 130 ግራም። ቀጭኑ የጎማ ከመነዳሪ 75 ግራም ነው፣ ከዚህም 110 ግራም ተገኘ። ኮርቻዋ ሶፋ የሚያክል ስፖንጅ ያለው 420 ግራም ነበር። 230 ግራም በሆነ ጠባብ ኮርቻ ቀየርነው። ቀጭን ኮርቻ ያማል ትላላችሁ። ወርዱ ከአጥንት ጋር ከተገጣጠመ ከስፖንጁ ይሻላል፣ ስፖንጅ ሲሰምጥ ነው ሰው የሚላላጠው። ከዚያ ቸርኬ። የድሮዎቹ መሃላቸው ላይ ካለው ሞዞ ጋር፣ ያለ ጎማ፣ ሁለቱ 2.1 ኪሎ ናቸው። ያገለገለ ግን ያልተጣመመ 1.6 ኪሎ የሆነ የአሉሚኒየም ጥንድ አገኘን። ግማሽ ኪሎ እዚያ ላይ ሄደ።

ሲደመር 1.1 ኪሎ ነው። 10.2 የነበረው 9.1 ሆነ። ቴላዮው ያው ነው፣ ማርሹም ያው ነው።

ይህ በአቀበት ላይ ስንት ነው? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ልጅቷ፣ ብስክሌቱ፣ ልብስ፣ ጫማና ውሃ አንድ ላይ 64 ኪሎ ይሆናሉ። 1.1 ኪሎ ከዚህ 1.7 በመቶ ነው። ቀጥ ባለ አቀበት ላይ ጉልበቱ የሚሄደው ክብደት ለማንሳት ስለሆነ ጊዜውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ አቀበት ላይ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ታተርፋለች። ግማሽ ደቂቃ ደግሞ ከፊት ካሉት ጋር ጫፍ በመድረስና ብቻን በመቅረት መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ሰንዳፋ ስትነዳ፣ ይኸው ኪሎ መኖሩም አይታወቃትም።

ውጭ አገር የሚጻፍ አንድ ምክር አለ። "ከብስክሌቱ በፊት ቦርጭህን ቀንስ" ይላል። ቢሮ ለሚውል ሰው ትክክል ነው። ለኛ ልጆች ግን አይሠራም። 52 ኪሎ የሆነች ተወዳዳሪ ከራሷ ላይ የምትቀንሰው ምን አላት? መብላት ነው ያለባት። እንደ እሷ ቀላል ለሆነ ሰው የብስክሌቱ ድርሻ ከፈረንጁ ይበልጣል። ስለዚህ የኛ ልጆች ስለ ክብደት መጨነቃቸው አይፈረድበትም። አቅጣጫው ነው የተሳሳተው።

ስለ ቸርኬም አንድ የተለመደ ወሬ አለ። መርካቶ ውስጥ "ቸርኬ ላይ ያለ አንድ ኪሎ እንደ አስር ኪሎ ነው" ብለው ይሸጣሉ። የሚሽከረከር ክብደት ፍጥነት ሲጨመር የበለጠ መጎተቱ እውነት ነው፤ ግን ቢበዛ፣ ያውም የውጭው ጠርዝ ላይ ያለው፣ እጥፍ ነው። በእኩል ፍጥነት አቀበት ስትወጡ ግን ቸርኬ ላይ ያለውም ኮርቻ ላይ ያለውም ኪሎ እኩል ነው። ቸርኬ የምመርጠው ብዙ ግራም በአንድ ጊዜ ስለሚገኝበት ነው እንጂ ተአምር ስላለው አይደለም።

ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ቲፒዩ የሚባለውን እንደ ፕላስቲክ ያለ ከመነዳሪ ፈለገ። ሠላሳ ምናምን ግራም ነው፣ በእጅ ሲይዙት የከረሜላ መጠቅለያ ይመስላል። ደስ ይላል። ግን የእሱ ፍሬን ቸርኬውን ጨብጦ የሚያቆም ነው። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ ፍሬን ይዛችሁ ስትወርዱ ቸርኬው ይግላል። ቲፒዩ ደግሞ ሙቀት ሲበዛ ይለሰልሳል። አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው እንዲህ ባለ ፍሬን አትጠቀሙበት ብለው ማሸጊያው ላይ ጽፈዋል። ቢፈነዳም ጎሚስታው በተለመደው ማስቲሽና ልጥፍ አይጠግነውም፣ የራሱ ልጥፍ ይፈልጋል። ለዲስክ ፍሬን ይሁን። ለእሱ ቀጭኑን የጎማውን ሰጠሁት።

የኋላ ጥርስ ነገር ደግሞ ያናድደኛል። ልጆቹ ካሴት የሚባለውን የኋላ ጥርሶች ስብስብ ሲገዙ ትልቁ 25 ጥርስ ያለውን ይመርጣሉ፣ 32 ካለው 60 ወይም 70 ግራም ይቀላል ብለው። ከዚያ ቁስቋም ጋ ሲደርሱ ፔዳሉ አልዞር ብሎ ቆመው ይረግጣሉ። ጉልበታቸው ሳያረጅ ያረጃል። 70 ግራም ከሌላ ቦታ ትካሳለች፣ እግር የሚዞርበት ማርሽ ግን በ70 ግራም አይሸጥም። የፊቱን ባለ 53 እና ባለ 39 ጥርስ በባለ 50 እና ባለ 34 ቢቀይሩት ደግሞ ትንሽ ይቀላል፣ አቀበቱም ይቀልላቸዋል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ካርቦን።

ካርቦን ጥሩ ነገር ነው። የብረት ሹካ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነጻጸርም ከባድ ነው፣ በደህና የካርቦን ሹካ ሲቀየር ከ300 ግራም በላይ ይቀንሳል። ግን ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ ታዩታላችሁ። ካርቦን አይጎብጥም። ውስጡ ተሰንጥቆ ላዩ ቀለሙ ያምራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይለቃል። ስለዚህ ታሪኩን የማታውቁትን ያገለገለ የካርቦን ሹካና መሪ አትግዙ። የባሰው ደግሞ አለ። የታዋቂ ስም የተለጠፈበት፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ የካርቦን መሪ ገበያው ላይ ሞልቷል። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለውን ገዝቶ አመጣ። ከመሪው አንገት ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። በሴጌቶ ቆረጥነው። ግድግዳው በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው እንደ ወረቀት ቀጭን ነበር፣ ውስጡም ተሸብሽቧል። ልጁ የአሉሚኒየሙን መልሶ ገጠመ። በ80 ግራም ከበደ፣ ጥርሱ ግን ቦታው ነው።

እውነተኛውን የገዛም ቢሆን በጉልበት አያጥብቀው። የመሪ አንገት ብሎኖች ላይ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር የሚል ተጽፏል። ያንን የሚለካ ቺያቬ አለ። የሌለው ሰው ያለው ጋ ይሂድ።

ሦስተኛው ልጅ ትራፓኖ አለህ ወይ አለኝ። ለምን ስለው ስልኩን አውጥቶ የቤልጂየሙን ዝነኛ ተወዳዳሪ የኤዲ መርክስን ብስክሌት ፎቶ አሳየኝ። መርክስ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳበት ነው። ጣሊያናዊው ብስክሌት ሠሪ ኮልናጎ የሠራለት ሲሆን ከ6 ኪሎ በታች ነበር። መሪው ተበስቷል፣ ካቴናው ሳይቀር ተበስቷል። ልጁ የፍሬን መያዣውንና የኮርቻውን ቱቦ ልብሳ ነው የሚለው። እኔም ፎቶውን አስፍቼ ፍሬኑን አሳየኝ አልኩት። የለም። ማርሹስ? የለም። መርክስ በተዘጋ ክብ ሜዳ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የነዳው። ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ይህን አየር እኛ በነጻ አለን። ትራፓኖውን አልሰጠሁትም። የኮርቻውን ቱቦ ግን ከውስጥ የተረፈውን ጫፍ በሴጌቶ አሳጠርኩለት፣ ዝቅተኛ መግቢያ የሚለውን ምልክት ጠብቄ። ማቆሚያውንና ፓራፋንጎውንም ነቀልን። አምስት ሳንቲም ሳያወጣ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ቀለለ።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስድስት ኪሎ ያላችሁትን በሚቀጥለው እትም 6.8 ኪሎ ብላችሁ አርሙልን። ያላችሁን አምነው ገንዘብ የሚበደሩ ልጆች አሉ። ሁለተኛ፣ የአገር ውስጥ ውድድር ስትዘግቡ አንደኛ የወጣው ምን ዓይነት ቸርኬና ምን ዓይነት ጥርስ እንደገጠመ ጠይቃችሁ ጻፉ። ለአንባቢ አሰልቺ ይመስላችኋል። የኔ ደንበኞች ግን ጋዜጣውን የሚገዙት ለዚያ ይሆናል።

ብስክሌቱን መመዘን ለሚፈልግ ሁሉ ሚዛኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነጻ ነው። ፔዳሉን ሳትፈቱ አምጡት።

ከአክብሮት ጋር
ብስክሌት ጠጋኙ፣ ከሽሮ ሜዳ