አንድ ግስ ይዘን ላሊበላ ደረስን (የእንግሊዝኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ)

"የእንግሊዝኛ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ?" ለሚሉን መልሴ አጭር ነው። አንድ ቃል በደንብ አወቅን። ቃሉ "ስቱፕ" ነው። ይሄም ሥራ ነው ወይ የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብ።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብተሯ ላይ አያቷን "ስቱፕ" ብላ ሰላም እንደምትል ጻፈች። ጎንበስ ማለቷ ነው። እርሳስ ለማንሳት ወይም ዝቅ ባለ በር ለመግባት ጎንበስ ስንል ቃሉ ልክ ነው። ትከሻው ጎብጦ የሚሄድ ሽማግሌም በዚሁ ቃል ይገለጻል። ጭልፊት ጫጩት ላይ ተወርውሮ ሲወርድም እንዲሁ። ሰው ለጥቅም ብሎ ሲዋሽ ግን እንግሊዞቹ "ስቱፕ ቱ ላይንግ" ይላሉ፤ እኛ "እዚህ ድረስ ወረደ?" እንደምንለው። ለአክብሮት ሲሆን ቃላቸው "ባው" ነው። እኛ ወሎዬዎች ጎንበስ ማለትን ከጨዋነት ለይተን ስለማናውቅ ልጆቹ ይሄን ለመቀበል ተቸገሩ። ሁለት ሳምንት ተከራከሩበት።

ስብሰባው እንደወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ነበር። የግድግዳ ጋዜጣችን ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ወጣ። ወረቀት አጣን።

በግማሽ ዓመቱ እረፍት በጋሸና በኩል ላሊበላ ሄድን። የመኪናውን ወላጆች አዋጡ፤ እናመሰግናለን። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል አጠገብ ወዳለው ጨለማ ዋሻ ግድግዳውን በእጃችን እየዳበስን ገባን። ረጅሙ ልጃችን ግንባሩን ገጨ። ከኋላው "ስቱፕ!" የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ እስክንወጣ ድረስ "ስቱፕ! ስቱፕ!" እየተባባሉ ተቀባበሉት።

ውጭ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። "እደጊ የኔ ልጅ" ብለው ራሷን ዳበሷት። ቀና አለችና ወደኔ ዞረች። "ቲቸር፣ ይሄኛው ባው ነው" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ በፊት ስብሰባ ላይ አንድም ቀን አፏን ከፍታ አታውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ክበቡ ያለው ዲክሽነሪ አንድ ነው። የ"ኤስ" ገጾቹ ተገንጥለዋል፤ ስቱፕን የፈለግነው በኔ ስልክ ነው። ለኳስ ቡድኑ ማሊያ ሲገዛ ደስ ብሎናል። ለኛ አምስት ዲክሽነሪ ይበቃናል። ቤቱ ያገለገለ ያለው ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ያስቀምጥልን፤ እኔ መጥቼ እወስዳለሁ።